የጋሽ ድገም ፍሬቻ

ጋሽ ድገም እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ያወጣንለት እኛ ነን። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ሆኖ ሲሠራ በሰው ወረቀት ላይ በቀይ የጻፈው ቃል ከሞላ ጎደል አንድ ብቻ ነበር፤ «ይድገም»። እኔን ጎረቤቱን እንኳ ሁለት ጊዜ አስደግሞኛል። አንዴ «ፍሬቻ ዘግይቶ አሳየ» ብሎ፣ አንዴ ደግሞ «ፍሬቻ ቸኩሎ አሳየ» ብሎ። እንግዲህ የደረሰበትን ሳወራ ፊቴ ላይ ፈገግታ ቢጤ ካያችሁ አትፍረዱብኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ሲቀመጥ እንኳ ቀበቶ ያሰረ የሚመስል ሰው ነው። ጉቦ አይበላም ነበር። ቢበላ ኖሮ ቢያንስ አንድ መውጫ ቀዳዳ ይኖረን ነበር። ለፈተና ስትቀርቡ ከጎናችሁ ይቀመጥና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ በአፍንጫው ብቻ ረጅም አየር ይስባል። ያ አተነፋፈስ ስንት ሞተር እንዳስጠፋ ፈጣሪ ይወቀው።

ጡረታ የወጣ ቀን መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ ከማግስቱ ጀምሮ ደግሞ ሰዓት የሚያይበት ጉዳይ አጣ። የቀረችለት መኪናው ብቻ ሆነች። ትንሽ፣ ክብ፣ ወተት የመሰለች አሮጌ መኪና ናት፤ ከትዳሩ በሦስት ዓመት ትቀድማለች። ሚስቱ ዛሬም በሥራ ላይ ያለች አዋላጅ ነርስ ናት፤ አፏም እንደ እጇ ፈጣን ነው። መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። «እኔን እግሬን ሲያመኝ ‹ይለቅሻል› ይለኛል። እሷ ስታስነጥስ ግን እህል አይቀምስም» ትላለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ታዲያ ይቺው ጣውንት ጉድ ሠራችው። ከተማው መሀል ባለው ትልቁ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ ሊታጠፍ ብሎ የፍሬቻዋን እጀታ ተጫናት። ሌላ ጊዜ «ቀጭ» ብላ ቦታዋን ትይዝ የነበረችው እጀታ እንደ ሰካራም ክንድ ዝልፍልፍ አለች። ዳሽቦርዱ ላይ መብራት የነበረባት ትንሽ ቀስት አልበራችም። ደጋግሞ ተጫናት፤ ወይ ፍንክች። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ መቅረት ስለማይችል እንዲሁ ታጠፈ።

ከኋላው የነበረው የታክሲ ሾፌር ክላክሱን እያስጮኸ በመስኮት ብቅ አለና «ሽማግሌው! ፍሬቻው የት ሄደ?» ብሎ ጮኸ። ከዚያ መልኩን ለየው። ይህ ሾፌር በጋሽ ድገም እጅ አምስት ጊዜ የወደቀ ሰው ነው። ፊቱ ላይ የበራውን ደስታ ያየ አንድ ባለ ሱቅ ሎተሪ የወጣለት መስሎት ነበር።

«ጋሽ ድገም ነው! ኧረ የሰው ያለህ! ጋሽ ድገም ያለ ፍሬቻ ታጠፈ!»

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወሬው ከገዛ ሚስቱ በስተቀር ከተማውን ሁሉ አዳረሰ። እኔ የሰማሁት ፀጉር አስተካካዬ ዘንድ ነው፤ ሰውየው ስቆ እስኪበቃው ድረስ ግማሽ ጭንቅላቴን ተላጭቼ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ድገም ግን ነገሩን ደብቆ ሊያስታምም ቆረጠ። መጀመሪያ የሚስቱን የፀጉር ላስቲክ ወስዶ እጀታዋን ወደ ታች ስቦ አሰራት። ፍሬቻው በራ። ከዚያ ወዲያ ግን መጥፋት እምቢ አለ። ባለፈበት በር ሁሉ ሊገባ ያሰበ ይመስል ወደ ግራ ብልጭ ድርግም እያለ ሁለት ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ሁለት ዘበኞች ሮጠው በር ከፈቱለት።

ቀጥሎ እጁን በመስኮት አውጥቶ ምልክት ማሳየት ጀመረ። ይህ በመማሪያው መጽሐፍ የተፈቀደ ነው። ጋዜጣ አዟሪው ግን መጽሐፉን አላነበበም፤ የተዘረጋው እጅ ላይ ጋዜጣ አስቀምጦ ከመኪናዋ ጎን ጎን እየሮጠ «ጋሼ፣ ሂሳብ!» ይል ጀመር። በማግስቱ ደግሞ አንድ የማያውቀው ሰው የተዘረጋውን እጅ ጥብቅ አድርጎ ጨብጦ «እንዴት ከረሙ? ቤተሰብ ደህና?» አለው።

በመጨረሻ ወደ ግራ መታጠፍን እርግፍ አድርጎ ተወ። ወደ ቀኝ ሲሆን እጀታዋ አሁንም በወጉ ትይዝ ነበር። ሦስት ጊዜ ቀኝ መታጠፍ አንድ ጊዜ ግራ እንደመታጠፍ ነው ብሎ አሰላ። ወረቀት ላይ ልክ ነው። ከተማ ግን ወረቀት አይደለም፤ ወንዝ አለው፣ መውጫ የሌለው መንገድ አለው፣ ገብተው የማይመለሱበት ባለ አንድ አቅጣጫ ጎዳና አለው።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ለቁርስ ዳቦ ግዛ አለችው። ዳቦ ቤቱ በመኪና ሦስት ደቂቃ ነው። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መጣ።

«ስንዴውንም አንተ ነህ ያጨድከው?» አለችው።

«መንገዱ ተጨናንቆ ነው።»

«ዋሾ! ባለ ዳቦ ቤቱ ደውሎልኝ ነበር። ‹ባልሽ ሦስት ጊዜ በደጃፌ አልፎ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ምን በድዬው ነው?› አለኝ። ተናገር፣ ምን ሆነሃል? ዓይንህ ነው? ጭንቅላትህ ነው?»

ሚስትየዋ በሙያዋ ብዙ ሰው «አምጪ፣ ግፊ» ብላ አዋልዳለች፤ ከጋሽ ድገምም ነገሩን በአምስት ደቂቃ አዋለደችው።

«ታዲያ ለምን አታሠራትም?»

«ማን ይሠራልኛል?» አለ ዳቦውን እንደታቀፈ።

እውነቱን ነው። በዚህ ከተማ መፍቻ የጨበጠ ሰው ሁሉ መንጃ ፈቃድ ተፈትኗል። ሞክሮም ነበር። መጀመሪያ ከሁሉ ትልቁ ጋራዥ ሄደ። ባለ ጋራዡ ገቢና ገብቶ ከጎኑ ተቀመጠ፣ ዝም አለ፣ በአፍንጫው ረጅም አየር ሳበና «ሰኞ ይምጡ» አለው። ሰኞ «ሐሙስ» ተባለ። ሐሙስ «ከበዓሉ በኋላ»። ከበዓሉ በኋላ «ባለሙያው የለም»። አራት ጊዜ አመላለሰው። ለምን አራት እንደሆነ ለጋሽ ድገም አልገባውም፤ ባለ ጋራዡ ስንት ጊዜ እንደወደቀ ለምናውቀው ለእኛ ግን ወዲያው ነው የገባን። ሌላው መካኒክ ደግሞ እጀታዋን እየነቀነቀ ጫፏ ላይ ያለችውን ኳስ ነቅሎ በእጁ አስታቀፈውና «ጋሼ፣ ይኼ ዕቃ መመረት ሲያቆም እኔ አልተወለድኩም ነበር። ሙዚየም ይጠይቁ» ብሎ ሸኘው።

«ፊውዝ ዘንድ ሂድ» አለች ሚስቱ። «ከእምነበረድ ቆራጮቹ ጀርባ፣ አሮጌ ኮንቴይነር ውስጥ ነው የምትሠራው። የመኪና ኤሌክትሪክ እንደ እሷ የሚያውቅ የለም። ሁለቱንም ልጆቿን ያዋለድኳት እኔ ነኝ፤ አትመልስህም።»

ፊውዝ የተባለችው ቶሎ ስለምትቃጠል ነው። ደንዳና፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ከሰው ይልቅ ከሽቦ ጋር ስታወራ የምትለሰልስ ሴት ናት። ጋሽ ድገም ደርሶ ሰላምታ ሲሰጣት ቀና ብላ አየችው፤ ካቻቢቴዋን አስቀመጠች።

«አላወቁኝም» አለችው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ አላወቅኩሽም።»

«እንዴት ያውቁኛል? ፊቴን ከጎን ነው የሚያውቁት።» ይህን ብላ ዞር አለችና በምናብ መሪ ጨብጣ ፊት ለፊት አፍጥጣ ቆመች።

ጋሽ ድገም ወዲያውኑ ለያት። «ስድስት ጊዜ» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ስድስት ጊዜ። በሉ ኮፈኑን ይክፈቱልኝ፣ መጀመሪያ ባትሪውን እንፍታ።»

ቁጣ የጠበቀው ሰውዬ ቁጣ ሲያጣ ይበልጥ ፈራ። እሷ ግን ሥራዋን ጀመረች። ከመሪው መሀል የክላክሱን ክዳን አነሳች፤ ከሥሩ ያለውን ትልቅ ዳዶ ፈታች። መሪውን ከመንቀሏ በፊት መሪውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ አንድ አንድ መስመር አሰመረች፤ ሲመለስ በዚያው ልክ እንዲገባ። ከዚያ መሪውን መዝዛ ለጋሽ ድገም አስታቀፈችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው መሪ ሲይዝ የተመለከተ ሰው መሪውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ቆመ።

ከሥሩ የፍሬቻው ማብሪያ ማጥፊያ ወጣ። ሦስት ብሎን ነው የያዘው። ስትከፍተው ውስጡ ያለው ግራሶ ደርቆ እንደ ጀሶ ሆኗል። እየተነካኩ መብራቱን የሚያበሩት የነሐስ ምላሶች ጠቁረዋል። በአንድ በኩል ደግሞ መሪው ተጠምዞ ሲመለስ እጀታዋን ገፍቶ የሚያጠፋት የፕላስቲክ ጥርስ ተሰብሯል። ግራው ጥርስ ነው፤ እጀታዋ ቦታዋን ይዛ እንድትቆይ የሚያደርጋትም እሱ ነው።

«እንዲህ ያለ ዕቃ አይሸጥም፤ እንቀርጸዋለን» አለች። «ጠንካራ ፕላስቲክ ፈልገው ያምጡልኝ። ሲያጎብጡት የሚጎብጥ እንጂ የሚሰበር አይሁን። ቤትዎ የሽንኩርት መክተፊያ አለ?»

አለ። ነጭ፣ ወፍራም፣ ሚስቱ የምትሳሳለት መክተፊያ። ሚስቱ ሥራ ላይ ነበረች። ጋሽ ድገም ቤት ገብቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ጥጉን በመጋዝ ቆረጠው። እኔ አጥር ላይ ሆኜ አየሁት፤ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨንና «ጤና ይስጥልኝ» አለኝ፣ መክተፊያውን ከጀርባው ደብቆ።

ፊውዝ ቁራጩን በመጋዝ አስተካክላ፣ በሞረድ ሞርዳ፣ ከተሰበረው ጥርስ ጋር እያስተያየች አንድ ሰዓት ፈጀች። ምላሶቹን በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ እንደ ወርቅ አበራቻቸው። ከዚያ እጀታዋን የሚገፋውን ሞላ ቦታው አስገብታ «አውራ ጣትዎን እዚህ ላይ ያድርጉ። አያንሱ» አለችው።

አደረገ። ግን ጋሽ ድገም እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ሥራ የሚፈታ ሰው አይደለም። «ይሄኛው ሽቦ ቀለሙ ትክክል ነው?» ብሎ በአውራ ጣቱ ጠቆመ። በዚያው አውራ ጣት።

ሞላው «ጢን» ብሎ ጠፋ።

ፊውዝ ተቃጠለች። ምን እንዳለችው ጋሽ ድገም ሲያወራ ይዘለዋል፤ እምነበረድ ቆራጮቹ ግን ማሽናቸውን አጥፍተው ነው የሰሙት። ሰባት ሰው ተንበርክኮ በእምነበረድ ዱቄት ውስጥ የምስማር ራስ የምታህል ሞላ ፈለገ። አልተገኘም። በመጨረሻ ፊውዝ ማግኔት አምጥታ መሬቱን ጠረገችበት፤ ቀጥላም ጋሽ ድገምን እንደ ባንክ ዘበኛ «እጅ ወደ ላይ!» ብላ ከደረቱ ጀምራ ወደ ታች ፈተሸችው። ሞላው የሱሪው እጥፋት ውስጥ ተገኘ። ቆራጮቹ አጨበጨቡ። ሁሉም ነጭ በነጭ ሆነው ነበር፤ እሱም ጭምር።

ማብሪያው ተገጥሞ ሲያልቅ መሪውን መመለስ ብቻ ቀረ።

«ይኼን ለእኔ ተዪው» አለ ጋሽ ድገም። «ዕድሜዬን ሙሉ በመሪ ነው የኖርኩት።»

«ጠመኔውን ከጠመኔው ጋር ያገናኙ» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

መሪው ላይ ግን ጠመኔ የሚባል ነገር አልነበረም። መሪውን ታቅፎ በቆመበት ሰዓት «ምን አቆሸሸው?» ብሎ በመሐረቡ አጥርቶ ጠርጎት ነበር። ይህን ለመናገር ስላፈረ በግምት አስገባው፣ ዳዶውንም አጠበቀው። ባትሪው ተገናኘና ሁለቱ ለሙከራ ወጡ። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ መሪው ግን አንገቱ እንደ ተጣመመ ሰው ወደ ጎን አዘንብሏል። ግራ ፍሬቻውን አሳየ፤ በራ፤ ገና መታጠፍ ሲጀምር ጠፋ።

ፊውዝ አንድም ቃል አልተናገረችም። በአፍንጫዋ ረጅም አየር ሳበች። ከዚያ፣ ለስንት ዓመት ስትመኘው እንደኖረች በሚያሳብቅ ድምፅ፣ «ይድገም» አለች።

ተመልሰው መሪውን እሷው ነቅላ እሷው በልኩ ገጠመችው።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሁሉም ነገር አማረ። እጀታዋ «ቀጭ» ብላ ያዘች፣ ቀስቷ በራች፣ ጭክ… ጭክ… ጭክ… እያለች ቆይታ ከመታጠፊያው በኋላ ራሷ ጠፋች። ጋሽ ድገም ደስታውን መደበቅ ስላቃተው ሳያስፈልገው ሌላ ግራ ታጠፈ።

«ጤነኛ ፍሬቻ እንዲህ ረጋ ይላል» አለች ፊውዝ። «አንዱ አምፖል የተቃጠለ እንደሆነ ግን ይቸኩላል። ጭክጭክጭክጭክ። ትዝ ይልዎታል?»

«ምኑ?»

«ስድስተኛው ፈተናዬ። ፍሬቻ ሳሳይ ድምፁ ቸኮለብኝ። ‹ጌታዬ፣ ድምፁ ልክ አይደለም› አልኩዎት። እርስዎስ ምን አሉኝ?»

ጋሽ ድገም ያለውን አልረሳም፤ ለሁሉም የሚለውን ነው ያለው። «ተፈታኝ አስተያየት አይሰጥም።»

«ከዚያ ወርደው ከኋላ አዩና ‹ግራ ፍሬቻ አልበራም› ብለው ጣሉኝ። እኔም እንደነደደኝ በቀጥታ ጋራዥ ገብቼ ለምን እንደሚቸኩል ጠየቅኩ። ‹አምፖል ተቃጥሎ ነው› አሉኝ። ‹እሺ፣ አምፖል ሲቃጠል ለምን ይቸኩላል?› ስል የሚመልስልኝ ጠፋ። መልሱን ፍለጋ እንደገባሁ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመቴ።»

ጋሽ ድገም አሰበና፣ ሰው የማይተወው አመል አለውና፣ «እንግዲያውስ ባለሙያ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ።

«ጥርስዎን ያረገፈ ሰውዬ ‹ከጥርስ ሐኪም ጋር ያስተዋወቅኩህ እኔ ነኝ› ቢልዎት ይስሙታል?»

ትንሽ ከሄዱ በኋላ «መንጃ ፈቃዱስ?» አላት።

«በወሩ ሌላ ከተማ ሄጄ ተፈተንኩ። በአንዴ አለፍኩ። ፈታኙ መንገዱን ሙሉ ስለ አማቱ ሲያማርር ነበር፤ እንዳየኝም እርግጠኛ አይደለሁም።»

እዚህ ላይ ጋሽ ድገም መኪናዋን ጥግ አስይዞ አቆማት። ፍሬቻ አሳይቶ ነው ያቆመው። ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ ፊት ለፊት እያየ ተናገረ፤ የተፈታኝ ፊቱን ከጎን ያየችው አሁን እሷ ናት።

«የመፈተኛዋ መኪና አምፖል መቃጠሉን አውቅ ነበር። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ተቃጥሎ ቆይቶ ነበር። ከዕቃ ግምጃ ቤት ለማውጣት ሦስት ፊርማ ይጠይቃል፤ አንደኛው ፈራሚ ፈቃድ ላይ ነበር። ሰለቸኝና ተውኩት። ወረቀቱ የሚለው ‹ፍሬቻው በርቷል ወይስ አልበራም› ነው፤ ለምን እንዳልበራ አይጠይቅም። ስለዚህ… ጻፍኩ።»

ፊውዝ አንዲት ቃል አለችው። ቃሏን አውቃታለሁ፤ እናቴ ይህን ልታነብ ስለምትችል ትቅርብኝ።

«ይገባኛል» አለ ጋሽ ድገም።

«በሉ ይንዱ። ቀጥሎ ግራ ነው» አለችው።

የዚያን ቀን ማታ ሚስቱ ሁለት ነገር ደረሰችበት፤ የመክተፊያዋን ጥግና የአምፖሉን ታሪክ። በመክተፊያው ጮኸችበት። በአምፖሉ ግን አልጮኸችም፤ ይሄ ነው ያስደነገጠው። ሽንኩርቱን በሦስት ጥጉ መክተፊያ ላይ እየከተፈች «በሁለት ወር ከአሥር ቀን ስንት ሰው ፈተንክ?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

«እንጃ።»

«ስንቱ በዚያ ምክንያት ወደቀ?»

«እንጃ አልኩሽ እኮ።»

ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላለት አለ። መኪናዋ በአንድ ሊትር ሳቅ የምትሄድ ይመስል በየመስቀለኛው እየታጠፈች ስትፍለቀለቅ፣ እሱ ከመሪው ጀርባ ፊቱን አጥቁሮ ይቀመጣል። የይቅርታ ደብዳቤ ልጻፍ ብሎ ፖስታ ገዛ፤ ለማን እንደሚልክ ግን አያውቅም። የሚያስታውሰው ወረቀት እንጂ ሰው አይደለም። በመጨረሻ ያገኘውን ሁሉ ይቅርታ ሊጠይቅ ወሰነ።

ቅዳሜ ዕለት ከሚስቱ ጋር ሲሄዱ ቀይ መብራት ያዛቸው። ከጎናቸው የውኃ ቦቴ መጥቶ ቆመ። ጋሽ ድገም ሽቅብ ሲያይ ሾፌሩን ከጎን ለየው። መስኮቱን እያዞረ ከፈተና አንገቱን አወጣ።

«አንተ! እኔ ፈትኜህ ነበር አይደል?»

ሾፌሩ ወዲያው ቀበቶውን ዳሰሰ። «አዎ ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ያኔ ጥለህ… ጥዬህ ነበር። ስማኝ፣ አምፖሉ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የአንተ አልነበረም። የእኔ ነው። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ሾፌሩ ወደ ጋሽ ድገም ሚስት አየ፣ ሰውየው ታሟል ወይ እንደማለት። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔን ነው?» አለ። «እኔ እኮ የወደቅኩት የትምህርት ቤት አጥር ጥሼ መጸዳጃ ቤቱ ድረስ ገብቼ ነው። ቆርቆሮው እርስዎን ግንባርዎን ፈንክቶዎት ነበር። በደም ታጥበው እንኳ ወረቀቱን ሞልተው ነው የወረዱት፤ ረሱት እንዴ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት!» አለች ሚስቱ፣ ዳሽቦርዱን እየደበደበች። «ሰባት ስፌት! ስሰፋው ‹ፍሬቻም አላሳየ› ይለኝ ነበር!» ሳቋ አላስጨርስ አላት፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ክላክስ በክላክስ ሆነ። የቦቴው ሾፌር መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ጋሽ ድገም እጁን ቀስ ብሎ ወደ ግንባሩ ሰደደና በጣቱ ፈለገ፤ ጠባሳው ከቅንድቡ በላይ፣ እዚያው ነበር።